የነዳጅ ድርሻ ለሰው ወይስ ለታርጋ? የግል የካርቦን ግብይት ከካፋ ሲታይ

የግል የካርቦን ግብይት ከተሽከርካሪዎች የሚወጣውን በካይ ጋዝ ለመቀነስ የታሰበ የዕደላ ሥርዓት ነው። መንግሥት በአንድ ዓመት ውስጥ በአገሩ ሊቃጠል የሚችለውን የነዳጅ መጠን አስቀድሞ ይወስናል፤ ይህ ጣሪያ ይባላል። ጣሪያው በነፍስ ወከፍ ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ አዋቂ ሰው እኩል ድርሻ በነጻ ይሰጠዋል። ሰውየው ማደያ ገብቶ ሲቀዳ ከኪሱ ብር፣ ከካርቦን ሒሳቡ ደግሞ ድርሻ ይቀነሳል። የተረፈው ይሸጣል፣ ያለቀበት ይገዛል። ጣሪያው በየዓመቱ ዝቅ እያለ ስለሚሄድ ጠቅላላው ጭስ ከተወሰነው ልክ ማለፍ አይችልም፤ ማን ብዙ ይንዳ፣ ማን ጥቂት የሚለው ግን ለሰዎቹ የተተወ ነው።

ስሌቱ ራሱ አያስቸግርም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 2.3 ኪሎ ግራም፣ አንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 2.7 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ስለዚህ በየመኪናው ጭስ ማውጫ ላይ መለኪያ መግጠም አያስፈልግም፤ የተቀዳውን ሊትር መቁጠር ይበቃል። የመንገድ ትራንስፖርት ለዚህ ሥርዓት ከብዙ ዘርፎች ይልቅ አመቺ ሆኖ የታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ከከብትና ከእርሻ የሚወጣውን ጋዝ በየሰው ስም መመዝገብ አይሞከርም። ነዳጅ ግን በሕጋዊ መንገድ የሚሸጠው በማደያ ነውና ቆጣሪው አስቀድሞ አለ።

ከነዳጅ ቀረጥ የሚለይበት ነጥብ ሁለት ነው። ቀረጥ ሲጣል ዋጋው ይታወቃል፣ ጭሱ ምን ያህል እንደሚቀንስ ግን አይታወቅም፤ በድርሻ ሥርዓት መጠኑ ይታወቃል፣ ዋጋውን ገበያው ያወጣዋል። ሁለተኛው ነጥብ ከዚህ ይበልጥ ይከብዳል። ቀረጥ ሀብታሙንም ድሃውንም በሊትር እኩል ያስከፍላል። እኩል ድርሻ ሲታደል ግን መኪና የሌለው ሰው የሚሸጠው ነገር ያገኛል፤ ብዙ የሚነዳው ገንዘቡን የሚከፍለው ለመንግሥት ሳይሆን ላልነዳው ሰው ይሆናል። የሐሳቡ ደጋፊዎች ፍትሕን የሚጠቅሱት ይህን ይዘው ነው።

ሐሳቡን በዝርዝር ቀርጸው ካቀረቡት ሰዎች ቀዳሚው ለንደን ይኖር የነበረው ኢኮኖሚስት ዴቪድ ፍሌሚንግ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1996 ነበር። ማየር ሂልማንና ቲና ፎሴት እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ለሰፊ አንባቢ አደረሱት። በዚያው ዓመት ሐምሌ የፓርላማ አባሉ ኮሊን ቻለን በብሪታንያ ምክር ቤት ረቂቅ ሕግ አቀረበ፤ አልጸደቀም። የአካባቢ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ሚሊባንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐሳቡን በይፋ ደግፎ ጥናት እንዲደረግ አዘዘ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 ሲወጣ ሥርዓቱን ለማቋቋም ከ700 ሚሊዮን እስከ 2 ቢሊዮን ፓውንድ፣ ለማንቀሳቀስ ደግሞ በየዓመቱ ከ1 እስከ 2 ቢሊዮን ፓውንድ እንደሚያስፈልግ ገመተ፤ መንግሥትም ጊዜው ገና ነው ብሎ ፋይሉን ዘጋ። የምክር ቤቱ የአካባቢ ቁጥጥር ኮሚቴ በዚያው ወር ባወጣው ሪፖርት መንግሥት ጉዳዩን እንዲገፋበት ቢጠይቅም ሰሚ አላገኘም። ያኔ ወጪውን ያናረው ለእያንዳንዱ ሰው ሒሳብ ከፍቶ፣ ካርድ አድሎ፣ እያንዳንዱን ቅጂ መመዝገብ ነበር። ዛሬ ያ ሥራ በስልክ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ፎሴትና ሌሎች ሦስት ተመራማሪዎች ጉዳዩን እንደገና ያነሡት ይህን ለውጥ ጠቅሰው ነው።

በመንገድ ትራንስፖርት ላይ ሐሳቡን በተግባር የፈተነችው ከተማ ላህቲ ናት። ላህቲ ከሄልሲንኪ በስተሰሜን ወደ 100 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ፣ 120,000 ያህል ነዋሪ ያላት የፊንላንድ ከተማ ናት። ሲቲካፕ የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2020 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ተካሄደ። በጎ ፈቃደኛው ነዋሪ አንድ መተግበሪያ ስልኩ ላይ ይጭናል፤ መተግበሪያው በእግር፣ በብስክሌት፣ በአውቶቡስ ወይስ በመኪና እየሄደ እንደሆነ በራሱ ለይቶ የሳምንቱን ጭስ ያሰላል። የሳምንቱ ድርሻ ለሁሉም አንድ ዓይነት አልነበረም፤ የሰውየው የኑሮ ሁኔታ ታይቶ ይወሰን ነበር። ከድርሻው ያተረፈ በመተግበሪያው ውስጥ ብቻ በሚሠራ ገንዘብ ይከፈለውና የአውቶቡስ ትኬት፣ የመዋኛ መግቢያ ወይም ቡና ይገዛበታል።

የላህቲ ውጤት በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ከተሳታፊዎቹ ከፊሉ የጉዞ ጭሱን መቀነሱን ተናግሯል። ነገር ግን ሙከራው ከኮሮና ወረርሽኝ ጋር ስለገጠመ ሰው ቤቱ የዋለው በድርሻው ምክንያት ይሁን በበሽታው ለመለየት አዳጋች ሆነ። ከዚያም በላይ ድርሻውን ያለፈ ሰው ምንም አይከፍልም ነበር፤ ሽልማት እንጂ ቅጣት አልነበረም። ቅጣት የሌለበት ጣሪያ ደግሞ ጣሪያ አይደለም። ላህቲ ያረጋገጠችው የእያንዳንዱን ሰው ጉዞ በስልክ መለካት እንደሚቻል ነው፤ የአንድን ከተማ ጠቅላላ ጭስ በግል ድርሻ ማውረድ መቻሉን አላረጋገጠችም። በአውስትራሊያ ሥር በምትገኘው፣ 2,000 ገደማ ሰው በሚኖርባት የኖርፎክ ደሴት የተደረገው ሙከራም በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ቤጂንግ የጀመረችው፣ በአውቶቡስና በእግር ለሚሄዱ ነጥብ የሚሰጠው አሠራርም ከሽልማት ወገን ነው።

ግዴታ ያለበት ዕደላ ምን እንደሚመስል ከኢራን ይገኛል። የኢራን መንግሥት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ቤንዚንን በካርድ ማደል ሲጀምር ለአንድ የግል መኪና በወር 100 ሊትር ፈቀደ። ውሳኔው በድንገት በመነገሩ በዚያው ሌሊት በቴህራን ማደያዎች ተቃጠሉ። ዓላማው ድጎማን መቆጠብ እንጂ አየርን መጠበቅ ባይሆንም ሁለት ነገር አሳይቷል። አንደኛ፣ ሚሊዮኖችን በኤሌክትሮኒክ ካርድ መመጠን ይቻላል። ሁለተኛ፣ ድርሻ ለመኪና ሲሰጥ መኪና የሌለው ሰው ከዕደላው ውጭ ይቀራል፤ ብዙ መኪና ያለውም ብዙ ድርሻ ይሰበስባል።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ ለዚህ ጥያቄ ከሚታሰበው በላይ ቅርብ ነው። በደርግ ዘመን ነዳጅ በኩፖን ይታደል እንደነበር የዚያ ትውልድ ሰዎች ያስታውሳሉ፤ ስኳርና ዘይት በቀበሌ በራሽን በሚሰጥበት አገር ኩፖን አዲስ ነገር አልነበረም። ወደ ዛሬው ስንመጣ፣ በ2014 ዓ.ም. መንግሥት አጠቃላዩን የነዳጅ ድጎማ ማንሣት ሲጀምር አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም፣ ናፍጣ 49 ብር ከ2 ሳንቲም ገባ። በምትኩ የታለመ ድጎማ የተባለው አሠራር መጣ፦ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪ በታርጋው ተመዝግቦ፣ በቴሌብር እየከፈለ፣ በተወሰነለት መጠን በቅናሽ እንዲቀዳ፣ ሌላው በአዲሱ ዋጋ እንዲገዛ ተደረገ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መግዛት ቀርቶ በስልክ መክፈል በመላ አገሪቱ ግዴታ ሆነ።

ይህ አሠራር ስለ ካርቦን ታስቦ የተሠራ አይደለም። ቢሆንም የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 ውድ ነው ብሎ የተወውን መሣሪያ አብዛኛውን ይዟል፦ የተመዘገበ ተጠቃሚ፣ የተወሰነ መጠን፣ በስልክ የሚሠራ ሒሳብ፣ በማደያው ላይ የሚቀር መዝገብ። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 የተደነገገው ፋይዳ መታወቂያ ሲጨመርበት አንድን ሰው ከአንድ ሒሳብ ጋር ማያያዝ ይቻላል። የጎደለው ግን ዋናው ነገር ነው። የታለመው ድጎማ መጠኑን የሰጠው ለታርጋ ነው፤ የተቀበለው ባለንብረቱ ነው፤ የተረፈውን በይፋ መሸጥ አልተፈቀደም። በይፋ ያልተቻለው በጎን ይደረጋል። በቅናሽ የተቀዳ ነዳጅ በጥቁር ገበያ ሲሸጥ መገኘቱን የመንግሥት ኃላፊዎች ደጋግመው ተናግረዋል፤ በክፍለ አገር ከተሞች ማደያው ሲደርቅ ቤንዚን በጀሪካንና በውኃ ፕላስቲክ ተሞልቶ መንገድ ዳር መታየቱም የተለመደ ነው።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የምትገኘው የካፋ ዞን በዚህ ሥዕል ውስጥ የምትገባው ጥቂት ከሚነዱት ወገን ሆና ነው። ዋና ከተማዋ ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ወደ 460 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ከጅማ ተነሥቶ ቦንጋን አልፎ ሚዛን የሚደርሰው አስፋልት የዞኑ ዋና ጎዳና ነው። ከዋናው ጎዳና ወደ ዴቻ፣ ወደ ጌሻ፣ ወደ ሳይለም የሚገባው መንገድ ግን ብዙው ጠጠርና አፈር ነው። ካፋ ዝናብ ከማይለያቸው የአገሪቱ ክፍሎች አንዷ በመሆኗ አፈሩ የዓመቱን ብዙ ወራት ጭቃ ነው። በከተማው ባጃጅና ሞተር ሳይክል ይሠራል፤ በወረዳዎቹ መካከል ቅጥቅጥና ሚኒባስ ይመላለሳል፤ ቡናውንና ማሩን አይሱዙ ይጭነዋል። ከዚያ በላይ ያለው ጉዞ በእግር፣ በፈረስና በበቅሎ ነው።

የዚህን ጉዞ ጭስ በግምት ማስላት ይቻላል። አንድ ቅጥቅጥ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ናፍጣ ያቃጥላል፣ 25 ሰው ይጭናል ብንል፣ ከቦንጋ ጅማ ባለው ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ መንገድ የአንድ ተሳፋሪ ጭስ 2.3 ኪሎ ግራም ያህል፣ ደርሶ መልሱ ደግሞ 4.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ናፍጣ በምትጠጣ ስቴሽን ዋገን ብቻውን የሚሄድ ሰው በአንድ ደርሶ መልስ ወደ 68 ኪሎ ግራም ያወጣል። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ቀን፣ የ15 ተሳፋሪዎችን ጭስ አንድ ሰው ያወጣዋል ማለት ነው።

እኩል ድርሻ ምን ያህል ሊሆን ይችላል? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው የአየር ንብረት ለውጥ የማይበግረው አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ መሠረት የአገሪቱ ጠቅላላ ልቀት እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 150 ሚሊዮን ቶን ሲሆን የትራንስፖርት ድርሻ ወደ 5 ሚሊዮን ቶን፣ ማለትም 3 በመቶ ነበር፤ ከዚህም ሦስት አራተኛው የመንገድ ነው። የመንገዱ ጭስ በጊዜው ከ80 ሚሊዮን በላይ ለነበረው ሕዝብ ቢካፈል ለአንድ ሰው በዓመት 45 ኪሎ ግራም አካባቢ ይደርሰዋል፤ በቤንዚን ቢመነዘር 20 ሊትር ያህል መሆኑ ነው። በቅጥቅጥ የሚሄደው የቦንጋ ሰው በዚህ ድርሻ በዓመት አሥር ጊዜ ጅማ ደርሶ ይመለሳል። በስቴሽን ዋገን ብቻውን የሚሄደው አንዴ ደርሶ ሲመለስ የአንድ ዓመት ተኩል ድርሻውን ጨርሷል። ስትራቴጂው ነገሮች በነበሩበት ከቀጠሉ የትራንስፖርት ልቀት እ.ኤ.አ. በ2030 ወደ 41 ሚሊዮን ቶን ያድጋል ብሎ ሰግቷል፤ ጣሪያ ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ መሠረት የሚያገኘው ከዚህ ዕድገት ነው።

የካፋ ገበሬ በዚህ ገበያ ሻጭ መሆኑ አያጠራጥርም። ጥያቄው ገንዘቡ በእርግጥ እጁ ይገባል ወይ ነው፤ እዚህ ላይ ሦስት እንቅፋቶች ይታያሉ።

የመጀመሪያው የታሪፍ ነገር ነው። በቅጥቅጥ የሚሄደው ሰው ነዳጅ አይቀዳም፤ የሚቀዳው ሹፌሩ ነው። ሹፌሩ ለተሳፋሪዎቹ የሚሆን ድርሻ ከገበያ መግዛት ካለበት ዋጋውን በታሪፍ ላይ ይጨምረዋል። ተሳፋሪው ድርሻውን ሸጦ ያገኘውን በታሪፍ መልሶ ይከፍላል፤ ጥቂት የሚጓዝ ሰው አሁንም ያተርፋል፣ ነገር ግን ትርፉ የሚታየው ድርሻው በጊዜውና በትክክለኛ ዋጋ ከተሸጠለት ነው። ዕቃ ጫኙ ላይም እንዲሁ ነው፤ የአይሱዙው ናፍጣ ወጪ በመጨረሻ በቡናው ዋጋ ላይ ያርፋል፣ ገዢው አልሸከምም ካለ ሸክሙ ወደ ገበሬው ይመለሳል።

ሁለተኛው መንገዱ ራሱ ነው። ድርሻ የሚቆጠረው በሊትር እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም። በጭቃ ውስጥ በከባድ ማርሽ የሚሄድ መኪና ለተመሳሳይ ርቀት ከአስፋልቱ መኪና ይልቅ ብዙ ናፍጣ ይፈጃል። ስለዚህ እኩል ድርሻ እኩል መንገድ ለሌላቸው ሰዎች እኩል አይደለም። ላህቲ ድርሻውን ከሰው የኑሮ ሁኔታ ጋር ያዛመደችበት ምክንያት እዚህ ይበልጥ ይሠራል፤ ሆኖም ልዩ ሁኔታ በተፈቀደ ቁጥር ሥርዓቱ ለማጭበርበርና ለደጅ ጥናት ይከፈታል። ልዩ ሁኔታ ከሚጠይቁት አንዱ የመንግሥት መኪና ነው። ካፋን ያቀፈው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት መቀመጫዎቹ በቦንጋ፣ በተርጫ፣ በሚዛን አማንና በቴፒ ተከፋፍለዋል፤ በእነዚህ ከተሞች መካከል የሚመላለሰው የመንግሥት መኪና በማን ድርሻ እንደሚነዳ አስቀድሞ ካልተወሰነ የግል ድርሻ ዜጋውን ብቻ የሚያስር ገመድ ይሆናል።

ሦስተኛው የገበያው ስፋት ነው። በዓመት ጥቂት ኪሎ ግራም የሚተርፈው ገበሬ ብቻውን ወደ ገበያ ቢወጣ የደላላው ድርሻ ትርፉን ይበላዋል። ኔትወርክ በማይዝበት ቀበሌ፣ ስማርት ስልክ በሌለበት ቤት፣ ድርሻን በርካሽ ሰብስቦ ከተማ ላይ በውድ የሚሸጥ ነጋዴ መምጣቱ አይቀርም። ለዚህ መድኃኒቱ በካፋ አዲስ አይደለም። የካፋ ደን ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፦ የአንዱ ገበሬ ጥቂት ኪሎ ቡና ከሌሎች ጋር ተደምሮ ወደ ውጭ ገበያ እንዲደርስ። ድርሻም በዚሁ መንገድ በማኅበር ተሰብስቦ ቢሸጥ የመደራደር አቅም ያገኛል።

ካርቦን ተሽጦ ገንዘቡ ወደ ካፋ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው አይሆንም። የጀርመን መንግሥት የፋብሪካዎችን የልቀት ፈቃድ በጨረታ ሸጦ ካገኘው ገቢ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለም አቀፍ የአየር ንብረት መርሐ ግብር አቋቁሟል፤ ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበርም በዚሁ መርሐ ግብር ገንዘብ በካፋ ደን ላይ ሠርቷል። ካፋ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ስትመዘገብ ከያዮ ጋር በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ነበረች። በናቡ ሥራ የአካባቢው ሰዎች በስልክ እየመዘገቡ ያመጡት የደን መረጃ ከሳተላይት ምስል ጋር ተዳምሮ ለምርምር ውሏል። በወላይታ የሁምቦ የደን ፕሮጀክትም እ.ኤ.አ. በ2009 ተመዝግቦ ለዓለም ባንክ ፈንድ የካርቦን ክሬዲት ሸጧል። ከሁምቦ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፦ ሻጩ ማኅበር ሲሆን ገንዘቡ እንደ ወፍጮ ባለ የጋራ ሥራ ይታያል።

ሁለቱን ገበያዎች ማደባለቅ ግን አያስፈልግም። የደን ክሬዲት ደኑ ሳይቆረጥ በመቆየቱ የሚከፈል ነው፤ የነዳጅ ድርሻ ደግሞ የዜጋ መብት ነው። የአዲስ አበባ ነጂ ለጭሱ ማካካሻ የካፋን ደን ገዝቻለሁ ብሎ ያለ ልክ እንዲነዳ ከተፈቀደለት ጣሪያው ተበሳ ማለት ነው።

ከሥርዓቱ ጋር የሚፎካከሩት አማራጮች ሁለት ናቸው። አውሮፓ የመረጠችው ከላይ መቁጠርን ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደቀውና መጀመሪያ ለ2027 የታቀደው የመንገድና የሕንፃ የልቀት ግብይት ግዴታውን የሚጥለው በነዳጅ አከፋፋዮች ላይ ነው፤ ነጂው የሚያየው ዋጋውን ብቻ ነው። ለኢትዮጵያ ይህ ከማንም ይልቅ ይቀላል፤ ወደ አገሪቱ የሚገባውን ነዳጅ የሚገዛው አንድ የመንግሥት ተቋም፣ የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነውና። ጣሪያ ለማበጀት ሚሊዮን ሒሳብ መክፈት አያሻም። የግል ድርሻ ጥቅሙ ታዲያ ጣሪያውን ለመጣል ሳይሆን ጣሪያው ለሚያስከትለው የዋጋ ንረት ማን ካሳ ማግኘት እንዳለበት ለመወሰን ነው።

ሌላው አማራጭ ሞተሩን መለወጥ ነው። ኢትዮጵያ በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን አስታወቀች፤ በዓለም ቀዳሚ ሆነች። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ በመሆኑ ኤሌክትሪክ መኪና እዚህ ጭስን ከመንገድ ወደ ኃይል ማመንጫ አያዛውርም። በካፋ ድንበር የሚያልፈው የጎጀብ ወንዝ የሚገባበት ኦሞም የጊቤ ሦስት ኃይል ማመንጫ ግድብን ተሸክሟል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪና ጥቅም እስካሁን የበረታው በአዲስ አበባና በአካባቢው ነው፤ የመሙያ ጣቢያ በጎዳናው ላይ በበቂ ካልተዘረጋ ቦንጋ ድረስ አስተማምኖ መሄድ ያስቸግራል። በግል ድርሻ ሥርዓት ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ነዳጅ ሳይቀዳ ሙሉ ድርሻውን ይሸጣል፤ ማለትም አቅም ያለው ሰው እንደ ገበሬው ሁሉ ሻጭ ይሆናል። ይህ ጭስን ለመቀነስ ጥሩ ማበረታቻ ነው፤ ለፍትሕ ግን ሥርዓቱ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል።

እነዚህ ሁሉ ተደምረው ሲታዩ ሙሉ የግል የካርቦን ገበያ ለኢትዮጵያ የዛሬ ሥራ አይደለም። ጣሪያው በነዳጅ አቅራቢው ላይ ቢቀመጥ፣ የሕዝብ ማመላለሻውና የጭነቱ መኪና በዚያው ደረጃ ቢያዝ፣ የሚሰበሰበው ገንዘብ ወይም ድጎማ ግን ከታርጋ ወደ ሰው ቢዞር ይሻላል። በታለመው ድጎማ ለቅጥቅጡ ባለንብረት የተሰጠው ዓይነት ቅናሽ በፋይዳ ቁጥር ለእያንዳንዱ አዋቂ ሰው እኩል ቢከፈል፣ የጌሻው እግረኛና የአዲስ አበባው ባለመኪና አንድ ዓይነት ድርሻ ይይዛሉ። በካፋ በኩል ቅድሚያ የሚሻው ደግሞ ከቦንጋ ወደ ወረዳዎቹ የሚወስደውን መንገድ ከጭቃ ማውጣትና በጅማ ጎዳና ላይ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ መሙያ መትከል ነው። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የድጎማውን መዝገብ ሲያሻሽል ከታርጋው ጎን የሰውን ስም ቢያስገባ፣ የነገው ድርሻ ለማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ከወዲሁ ትክክለኛ መልስ ያገኛል።